ውሻችሁን ሳትጥሉ ማስረከብ፣ የመንገድ ውሻ ሲገጥማችሁም በአግባቡ መያዝ፦ ለጎንደር ሰው

ጎንደር ላይ ውሻ የከበደው ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ባጃጅ ላይ ይጭነውና አዘዞ ማዶ ወይም ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር አውርዶት ይመለሳል። ቡችሎች ከሆኑ ደግሞ ማዳበሪያ ውስጥ ተከተው ወንዝ ዳር ይጣላሉ፤ በተለይ ሴቶቹ። ይህን የሚያደርገው ሁሉ ጨካኝ አይደለም። አከራይ «ወይ ውሻውን አውጡ ወይ ቤቱን ልቀቁ» ብለውት ይሆናል። ሥራ ተቀይሮለት ባሕር ዳር ሊሄድ ይሆናል። ወይም በዚህ ኑሮ ውድነት ለልጆቹም በቅጡ ያልበቃው ቤት ለውሻ የሚተርፍ ነገር አጥቶ ይሆናል። ይገባኛል። ግን የተጣለ ውሻ በዚያው ጠፍቶ አይቀርም። ከሰፈር መንጋ ጋር ይቀላቀላል፣ ይራባል፣ ይወልዳል፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይነክሳል፣ ወይም መርዝ በልቶ አስፋልት ላይ ሲንፈራገጥ ይሞታል።

ስለዚህ ስለ ሁለቱም ነገር አንድ ላይ ልጻፍ፦ የራስን ውሻ ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚያስረክቡና ባለቤት የሌለው ውሻ ሲገጥም ምን እንደሚደረግ። ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ አንዱ ካልተስተካከለ ሌላው አይቀንስም።

አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ አንድ ዝርያ ብቻ እየመረጡ የሚቀበሉ ማኅበራት አሉ። ጀርመን ሼፐርድ ካለህ የጀርመን ሼፐርዶቹ ጋ ትደውላለህ፣ ላብራዶር ከሆነ የላብራዶሮቹ ጋ። ፎርም ያስሞሉሃል፣ የክትባት ወረቀት ይጠይቁሃል፣ ሰው ነክሶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁሃል፣ ከዚያ ውሻው አዲስ ባለቤት እስኪያገኝ በጎ ፈቃደኛ ቤት ያስቀምጡታል። ቦታ ከሌላቸው ደግሞ ወረፋ ትጠብቃለህ። እኛ ከተማ ላይ ሄዳችሁ የምታንኳኩት እንዲህ ያለ በር አታገኙም። ሥራቸውን ግን ራሳችን መሥራት እንችላለን፤ የሚጠይቁትን መጠየቅ፣ የሚጽፉትን መጻፍ፣ ቤት ሄዶ ማየት። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። የሚፈልገው ጊዜ ነው። ቢያንስ አንድ ወር ያዙለት። ቤት የምትለቁት በሚቀጥለው ሳምንት ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሩ፣ ለጊዜው የሚያቆይላችሁ ዘመድም አብራችሁ ፈልጉ።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ መስጠት አለባችሁ?

ይህን የምጠይቀው ለወቀሳ አይደለም። «ይጮኻል፣ ይናከሳል፣ አስቸገረን» ተብለው ከሚሰጡ ውሾች ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስረው የሚውሉ ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ግንድ ዙሪያ የሚዞር ውሻ በር በተንኳኳ ቁጥር ይጮኻል፣ የቀረበውንም ሊነክስ ይችላል። ሰንሰለቱን ፈትታችሁ ግቢ ውስጥ ልቀቁት፤ የማይቻል ከሆነ ከግንብ እስከ ግንብ ሽቦ ወጥሩና ሰንሰለቱን በቀለበት አድርጋችሁ ሽቦው ላይ አንጠልጥሉት፣ ወዲያ ወዲህ እንዲል። ጠዋትና ማታ በገመድ አውጡት። ሁለት ሳምንት ሞክሩትና ለውጡን እዩ።

እያመለጠ ሴት ፍለጋ የሚጠፋ ወንድ ውሻ ከሆነ ማኮላሸት ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሴት ከሆነችና የምታስቸግረው በየጊዜው እየወለደች ከሆነ መፍትሔው ማምከን ነው። ሴት ውሻ በአማካይ በየስድስት ወሩ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፣ እርግዝናዋም 63 ቀን አካባቢ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በያንዳንዱ አምስት ስድስት ቡችላ ብላችሁ አስሉት። ጣጣው ከውሻዋ ሳይሆን ከሒሳቡ ነው።

አከራዩ ከሆኑ ችግሩ፣ አነጋግሯቸው። ብዙ አከራይ የሚጠላው ውሻውን ሳይሆን የግቢውን ቆሻሻና ሽታ ነው። «በየቀኑ አጸዳለሁ፣ የክትባት ወረቀቱም ይኸው» ሲባሉ የሚለዝቡ አሉ። ካልሆነ ካልሆነ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ሐኪም ጋ ውሰዱት

ያልተከተበ ውሻ ለሰው አይሰጥም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ አለው፣ ክሊኒክም አለው፤ የግል የእንስሳት ሐኪሞችና መድኃኒት ቤቶችም አሉ፣ ክፍለ ከተማችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያም ጠይቁ። ሦስት ነገር አሠሩ።

አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያ ክትባቱ በሚጠይቀው መሠረት፤ እኛ አገር በየዓመቱ ማድረጉ ይሻላል። ክትባቱ በተሰጠ ማግሥት አይሠራም፣ ሰውነቱ እስኪዘጋጅ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ርክክቡን ስታስቡ ክትባቱን አስቀድሙት። ወረቀቱን አትጣሉ፤ ቀኑ፣ የክትባቱ ስምና የሐኪሙ ፊርማ ያለበት ይሁን። ዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 28 ነው፣ በአብዛኛው ዓመት ከመስቀል ማግሥት ማለት ነው፤ በዚያ ሰሞን የክትባት ዘመቻ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛው የትል መድኃኒት ነው። እኛ አገር በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ ፊኛ የመሰለ ነገር ሲገኝ ቆርጦ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ያ የቋጠረው ነገር ውሻው ሆድ ውስጥ የኮሶ ዓይነት ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ በእጃችንና ባልታጠበ አትክልት ወደ እኛ ሆድ ይገባና ተራው የኛ ጉበት ይሆናል። ቀቅሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ለውሻው ደግሞ ፕራዚኳንቴል ያለበትን የትል መድኃኒት ሐኪሙ መዝኖ ይስጠው።

ሦስተኛው ማኮላሸት ወይም ማምከን ነው፣ ከተቻለ። ለሌላ ሰው የምትሰጡት ውሻ ነገ የሚጣሉ ቡችሎች አባት ወይም እናት እንዳይሆን ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም። በዚያውም ቁንጫና መዥገሩን አስጠርጉ። ቆዳው ላይ እከክ ካለ ሳይታከም አትስጡት፤ አንዳንዱ የእከክ ዓይነት ወደ ሰውም ይተላለፋል። ቤት ውስጥ ያለ የሰው ማስታገሻ ግን በጭራሽ እንዳትሰጡት። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ።

እዚያው ክሊኒክ እያላችሁ «ውሻ የሚፈልግ ሰው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪምን ያህል ውሻ የሚወዱ ሰዎችን የሚያውቅ የለም፤ ማን ውሻው ሞቶበት እንዳዘነ፣ ማን ጥሩ እንደሚይዝ ያውቃል።

የውሻውን ነገር በሐቅ ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ስሙ፣ ዕድሜው፣ ፆታው፣ ዝርያው (የሀበሻ ውሻ፣ የፈረንጅ፣ ወይም ድቅል)፣ የክትባት ቀኑ፣ ምን እንደሚበላና ስንት ሰዓት እንደሚበላ። ከልጅ ጋር እንዴት ነው? ድመትና ዶሮስ? በገመድ ይሄዳል? ባጃጅ ላይ ይቀመጣል? ብቻውን ሲሆን ያለቅሳል? ጎንደር ላይ ተኩስም ርችትም ስለማይጠፋ ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ጻፉ። ብዙ ውሻ የሚጠፋው በፍርሃት አጥር ዘሎ ነው።

ነክሶ ያውቅ ከሆነ አትደብቁ። ማንን፣ መቼ፣ ምን ሲያደርጉት? ሲበላ ሳህኑን የነጠቀ ልጅን መንከስና ዝም ብሎ የሚያልፍን ሰው መንከስ አንድ አይደሉም። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚባለውን ደግሞ እርሱት፣ የሚጮኽም ይናከሳል። ደብቃችሁ ብትሰጡት የሚጎዳው ምንም የማያውቅ ቤተሰብ ነው፣ ውሻውም እንደገና ይጣላል። ሰው ክፉኛ የነከሰና የማይታረም ውሻ ለማንም መሰጠት የለበትም። ይህን ማለት ይከብደኛል፣ ግን ያመነ ሰውን ልጅ ከማስነከስ ሐኪም በመርፌ ሳይሠቃይ እንዲያሳርፈው ማድረግ ይሻላል። ያኔም አብራችሁት ቁሙ፤ የሚያውቀው ድምፅ የናንተ ነው።

ሰው መፈለግ

ከምታውቁት ጀምሩ። ውሻውን መጀመሪያ የሰጣችሁ ወይም የሸጠላችሁ ሰው፣ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የዕድርና የማኅበር ሰው። የጀርመን ሼፐርድ ወይም ሌላ የታወቀ ዝርያ ከሆነ ያንኑ ዝርያ የሚያሳድጉትን ፈልጉ፣ ጠባዩን ያውቁታልና። ሴት ከሆነች ግን ተጠንቀቁ። «ለቤቴ ነው» እያለ ወስዶ በየስድስት ወሩ እያስወለደ ቡችላ የሚሸጥ አለ፤ ለዚህ ነው ማምከንን አስቀድሙ ያልኩት። ቴሌግራም ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን «በነፃ» ብላችሁ አትለጥፉ። በነፃ የተገኘ ነገር በነፃ ይጣላል። የክትባቱን ያህል እንኳ ጠይቁ፤ ጥሩ ሰው ካገኛችሁ ገንዘቡን መተው የናንተ ፋንታ ነው።

ሰው ሲመጣ ጠይቁት፣ አትፈሩ። ግቢው የራስህ ነው ወይስ ኪራይ? አከራይህ ፈቅደዋል? ቤተሰቡ ሁሉ ተስማምቷል? ይህቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፣ ርክክብን ብዙ ጊዜ የምታፈርሰው ግን እሷ ናት። አባት ለጥበቃ ብሎ ያመጣዋል፣ እናት በሃይማኖትም በንጽሕናም ምክንያት ውሻ አትፈልግም፣ በሳምንቱ ውሻው በር ላይ ነው። ከዚህ በፊት ውሻ ነበረህ? ምን ሆነ? «ጠፋ፣ ከዚያ ሌላ አመጣሁ፣ እሱም ጠፋ» የሚል ሰው ይቅርባችሁ። ቀደም ሲል የነበረው ቡችላ በተቅማጥ ሞቶ ከሆነ ደግሞ አዲስ ቡችላ ወደዚያ ግቢ ለብዙ ወራት አይግባ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ አፈር ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ከዚያ ቤቱን ሄዳችሁ እዩ። አጥሩ የተቀደደ ቆርቆሮ ነው? ማታ ጅብ የሚዞርበት ዳር ሰፈር ከሆነ ውሻው የሚገባበት ቤት አለው? ክረምት ላይ ጎንደር ዝናቡ ቀላል አይደለም፣ መጠለያው ከመሬት ከፍ ያለና የማያፈስ ይሁን። ቤት አታሳይም ያለ ሰው ውሻ አይሰጠውም። ይኸው ነው።

ርክክቡ

ቀን ምረጡ። የጥምቀት ሰሞን አይሁን፤ ከተማው በሰው ተጨናንቆ፣ ታቦት ወጥቶ፣ ጭብጨባና ዘፈኑ በየመንገዱ ሆኖ የደነገጠ ውሻ አንዴ ካመለጠ አይገኝም። የበዓልና የሠርግ ሰሞንም እንደዚያው። አዲሱ ባለቤት ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን የሚያርፍበት ጊዜ ይሁን።

ከርክክቡ በፊት ደጋግመው ይተዋወቁ። ማራኪ አካባቢ አንዲት እናት ቦቢን የሰጡበትን መንገድ ልንገራችሁ። ተቀባዩ ወጣት መጀመሪያ ቀን ሲመጣ ቦቢ ከቆርቆሮው በር ጀርባ ሆኖ እየጮኸ ነበር። ወጣቱ አልገባም። በሩ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ስልኩን እያየ ቆየና ደረቅ እንጀራ በሥጋ መረቅ የነከረውን በበሩ ስር አስገብቶ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ከእናትየው ጋር ገብቶ ሳህኑን ራሱ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ቦቢ ጭራውን ዝቅ አድርጎ እየቆላ ከእጁ በላ፣ ገመዱንም ያሠረለት እሱ ሆነ። ሲሄዱ እናትየው የሚተኛበትን አሮጌ ጋቢ ሳያጥቡት አብረው ሰጡ፤ ሽታው ያረጋጋዋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ፣ ለዚህ ነው አዲሱ ባለቤት በገዛ እጁ ማብላት ያለበት።

ወረቀት ተፈራረሙ። ሕጋዊ ምክንያት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ሳይታሰብ አምልጦም ቢሆን። ውሻውን ከሰጣችሁ በኋላ ሰው ቢነክስ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያሳየው ይህቺ ወረቀት ናት። ቀን፣ የሁለታችሁ ስምና ፊርማ፣ የውሻው መልክ፣ ሁለት ምስክር፣ ከተቻለም ፎቶ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «ማኖር ያልቻልኩ እንደሆነ ሳልጥለው ለሰጪው አስታውቃለሁ»። ከወረቀቱ ጋር የክትባቱን ማስረጃ፣ የጻፋችሁትን ታሪክና ለሳምንት የሚሆን የለመደውን ምግብ አብራችሁ ስጡ። ምግቡን በአንዴ ከቀየሩት ያስቀምጠዋል።

አዲሱ ቤት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ ገመድ ከግቢ አይውጣ። ከአዘዞ ወደ ማራኪ የመጣ ውሻ መንገዱን አስታውሶ ሊመለስ ይሞክራል፣ መሀል አስፋልት ላይ ይቀራል። ውጭ አገር ያሉት ማኅበራት ለተቀባይ የሚሰጡት ምክር አለ፦ ሦስት ቀን ለመረጋጋት፣ ሦስት ሳምንት ቤቱን ለመልመድ፣ ሦስት ወር የኔ ቤት ነው ለማለት። አይበላም፣ ጥግ ይዞ ተኝቷል ብሎ ቢደውልላችሁ አትደንግጡ። አንድ ቀን ሙሉ ውሃም አልጠጣም ካለ ግን ሐኪም ጋ ይሂድ።

አሁን የመንገዱ ውሻ

መጀመሪያ ደህና መሆኑን እዩ። ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ አገጩ የወደቀ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ የሚንገዳገድ፣ ያገኘውን እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ፣ ወይም ትናንት ፈሪ የነበረና ዛሬ ያለ ምክንያት ሰው ላይ የሚወጣ ውሻ ካያችሁ አትቅረቡ። ሁሉም እብድ ውሻ አይቆጣም፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ደንዝዞ ይተኛል። «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ። ልጆችን አርቁ፣ ለቀበሌውና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

ደህና ከሆነ ደግሞ አቀራረቡን እወቁ። እኛ አገር የመንገድ ውሻ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፦ ሰው ጎንበስ ካለ ድንጋይ ሊያነሳ ነው። ከፊቱ ጎንበስ ስትሉ ወይ ይሸሻል ወይ ይቀድማችኋል። ስለዚህ ልትረዱት ከፈለጋችሁ እሱ ሳይቀርብ በፊት ተቀመጡ። ጎናችሁን ስጡት፣ ዓይን ዓይኑን አትዩ፣ ምግቡን ከራቅ አድርጋችሁ ወርውሩ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ። አንዱ በሁለተኛው ቀን ይቀርባል፣ ሌላው ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ገመድ የምታስገቡት ራሱ መጥቶ እጃችሁን ካሸተተ በኋላ ብቻ ነው። ለምግቡ ሽንኩርት የበዛበት ወጥና የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተዉ፤ ሽንኩርቱ ደሙን ይጎዳል፣ አጥንቱ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ፍርፋሪ እንጀራ በመረቅ በቂ ነው።

መንጋ ከገጠማችሁ አትሩጡ። ቁሙ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ጎን ውጡ። ከጣሏችሁ ተኮራምታችሁ አንገትና ጆሯችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ይህን ለልጆቻችሁ እንደ ጨዋታ አለማምዷቸው። አንዲት ሴት ውሻን ተከትለው የሚሄዱ ወንዶች መካከል ደግሞ በፍጹም አትግቡ፣ እርስ በርስ ሲናከሱ የሚያገኙትን ነው የሚነክሱት።

ቡችሎች ብቻቸውን ካገኛችሁ ቶሎ አታንሷቸው። እናታቸው ምግብ ፍለጋ ሄዳ ይሆናል። ራቅ ብላችሁ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። ማዳበሪያ ውስጥ ታስረው የተጣሉ ከሆነ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ሙቀት ይቅደም፤ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ላስቲክ አጠገባቸው አድርጉ፣ ቀዝቅዞ የደረቀ ቡችላ ሳይሞቅ አይመገብም። እናታቸው ካለች ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው ከሷ አትለዩአቸው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሰው እየነካ ያሳደገው ቡችላ ሰው ይለምዳል፣ ቤትም ቶሎ ያገኛል። ሦስት አራት ወር ሰው ሳይነካው ያደገ ግን ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አንገቱ ላይ ማሰሪያ ያለው፣ ጸጉሩ የተመቻቸ ወይም የታወቀ ዝርያ ውሻ ካገኛችሁ የጠፋ ነውና ባለቤት ፈልጉ። በአካባቢው ላሉ ሱቆች፣ ለዘበኞችና ለባጃጅ ሾፌሮች ንገሩ፣ ክሊኒኮቹ ጋ ፎቶ ተዉ። «የኔ ነው» ብሎ የመጣውን ምልክት ጠይቁት፣ ሁሉንም ፎቶው ላይ አታሳዩ። የድሮ ፎቶ ያሳያችሁ፣ ስሙን ይጥራ፣ ውሻው ይመልስ።

ቢነክስስ?

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። ሰውን ከሚይዘው ውስጥ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው።

ወዲያው፣ እዚያው ባላችሁበት፣ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ግን አታቋርጡ፤ ቫይረሱን ቁስሉ ላይ እያለ የሚያጠፋው ይህ ነው። ቡና፣ አመድ፣ ቅቤ አትነስንሱበት። በጨርቅ አጥብቃችሁ አትሰሩት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ቧጨራም ቢሆን፣ ምራቁ የተላጠ ቆዳ ወይም ዓይን ቢነካም ሂዱ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ነው፣ አንዱን ተወግታችሁ ደህና ነኝ ብላችሁ አትቅሩ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ጭንቅላትና እጅ ላይ ከሆነ ሐኪሙ ተጨማሪ መርፌ ሊያዝ ይችላል።

ጠበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ እምነቱን የሚነካ የለም። ግን ታጥቦና መርፌውን ጀምሮ ይሂድ። የባህል መድኃኒት ብሎ ሳምንታት ማሳለፍ ግን የሰው ሕይወት እያስከፈለ ነው፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ስለሚቆይ «ዳንኩ» ያሰኛል።

ነካሹን ውሻ አትግደሉት። ከታወቀና መያዝ ከተቻለ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፣ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ግን 10 ቀኑን ጠብቀን እንጀምራለን አይባልም፣ መርፌው በመጀመሪያው ቀን ነው። ውሻው ከሞተ ሳትነኩት ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

ሰፈር ውስጥ ያሉትስ?

ሁሉንም ቤት ማስገባት አይቻልም። የሚቻለው ጎረቤት ተባብሮ ማስከተብ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መሄጃ ያጣል። ሉካንዳው በር ላይ የሚውሉትን፣ የሰፈሩ ሰው ስም ያወጣላቸውን አስቡ፤ ሰው የሚያምኑት እነሱ ናቸው፣ ለመያዝ የሚቀሉትም። ገንዘብ አዋጡ፣ ባለሙያ ጥሩ፣ የተከተበውን ባለ ቀለም ማሰሪያ አድርጉለት።

መርዝ መጣል ግን መፍትሔ አይደለም። የሞተውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞላዋል፣ በላዩ ላይ የተከተበውንና ሰው የለመደውን ነው ቀድሞ የሚገድለው። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም ይሞታል። ልጆችም በሚጫወቱበት ሰፈር ነው የሚጣለው።

ወደ ደባርቅ መንገድ ወስዶ መጣል ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። መንገዱ የሚያመራበት ስሜን ተራሮች የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። በባሌ ተራሮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ያልተከተበ ውሻ ወደዚያ የሚያደርስ ሰው ምን ይዞ እንደሄደ ይወቀው።

በመጨረሻ፣ ከመንገድ ያነሳችሁትን ውሻ ቤታችሁ ካለው ውሻ ጋር ወዲያው አታገናኙ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት በተለየ ቦታ፣ በተለየ ሳህን። ሐኪም ይየው፣ ትል ይጠረግለት፣ ይከተብ። ምግብ የሚሰጠው ትልቅ ሰው ብቻ ይሁን፣ ልጆች አይጠጉት፣ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። ሁለቱን ስታስተዋውቁ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ በገመድ፣ ጎን ለጎን እያራመዳችሁ ይሁን፤ ምግብ በመካከላቸው አይኑር። ልታኖሩት ካልሆነ ደግሞ ከላይ የጻፍኩትን የርክክብ መንገድ ለሱም ተከተሉ፣ በወረቀቱ ላይ «መንገድ ላይ የተገኘ» ብላችሁ ያገኛችሁበትን ቀንና ቦታ ጻፉበት።